ድምፅ ስለ መስጠትና በጋብቻ ስለ መጽናት ያለኝ አስተያየት

በአገራችን ሕግ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ሁለት ትልልቅ መብቶችን በአንድ ቀን ያገኛል። ይኸውም አንደኛው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የሰጠው የመምረጥ መብት ሲሆን፥ ሁለተኛው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 7 የፈቀደው ጋብቻ ነው። ከክፍላችን ተማሪዎች ብዙዎቻችን ዘንድሮ ከዚህ ዕድሜ የምንደርስ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቤ ያለኝን አስተያየት ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በዚህ መጽሔት ለማቅረብ ፈለግሁ። አንባቢ ምናልባት ምርጫና ጋብቻ ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል። እኔን ያገናኘብኝ በዕረፍት ሰዓት የምሰማው ወሬ ነው።

ስለ ምርጫ ሲነሣ «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚል አይጠፋም። ስለ ጋብቻ ሲነሣ ደግሞ ያው ሰው «ካልተስማማን እንፋታለን፤ ምን ችግር አለ!» ሲል ይሰማል። በበኩሌ እነዚህ ሁለት አባባሎች የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኛል። ሁለቱም የተወለዱት ሰው የሰጠው ቃል ክብደት የለውም ከሚል አሳብ ነው።

አንድ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት በክፍላችን የክፍል አለቃ ስንመርጥ 62 ተማሪዎች ነበርን። ሦስት ተወዳዳሪዎች ቀርበው አንደኛው 23፥ ሁለተኛው 21፥ ሦስተኛው 18 ድምፅ አገኙ። እንግዲህ 39 ተማሪዎች ያልመረጡት ልጅ አለቃችን ሆነ ማለት ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የአገራችን የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫም የሚካሄደው በዚሁ ዓይነት ነው። በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል እንጂ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች በበዙ ቍጥር አሸናፊውን የሚለየው ድምፅ ሊያንስ ይችላል። በክፍላችን የለየው ሁለት ድምፅ ብቻ ነበር፤ በዚያን ቀን ድምፅ ሲሰጥ እያወሩ ወረቀቱን ባዶውን የመለሱ ልጆች ቢኖሩ ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

ይህ መብት ደግሞ ከሰማይ የወረደልን አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መኳንንቱና የአገር ሹማምንት እንዲመርጡ ደንግጎ ነበር፤ ይህም የሚሆነው ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ነው ተብሎ ነበር። ሕዝቡ የበቃ ነው የተባለው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን መራጩ 21 ዓመት የሞላው መሆን ነበረበት። የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሆን፥ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ምርጫ ተመርጠው የምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ። አያቶቻችን ሊያገኙት የዘገየባቸውን ነገር እኛ ገና ሳንይዘው ስንንቀው ማየት ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ። አያቴ ፊደል አልቈጠሩም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ሲደርስ እኔ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ዕጩዎች የበተኑትን ወረቀት ከየደጃፉ እየለቀምሁ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ባነበብሁ ቍጥር ሦስት ነገር ይጠይቁኛል፦ ይህ ሰው ቤቱ የት ነው? ከአሁን በፊት ሹመት ይዞ ያውቃል ወይ፥ ይዞ ከሆነስ ምን ሠራ? ይህን ሁሉ አደርጋለሁ ሲል ገንዘቡን ከየት አመጣዋለሁ ይላል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አይጠፋም ነበር፤ ጎረቤት ይነግረናል። ለሁለተኛው ግማሽ መልስ ይገኛል። ለሦስተኛው ግን ካነበብኋቸው ወረቀቶች ሁሉ መልስ ያገኘሁበት አንድ ብቻ ነበር። ሰኔ 14 ቀን አያቴ ነጠላቸውን ደርበው በርጩማ አስያዙኝና በማለዳ ሰልፍ ያዝን፤ ጣታቸውን ቀለም ተቀብተው የወጡት ከቀትር በኋላ ነው። ድምፃቸውን ያን ወረቀት ለበተነው ሰው ይስጡት ለሌላ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ምስጢር ነው ይላሉ፤ ሕጉም ምስጢር ነው ይላል።

እኔ እንደሚመስለኝ አስቦ መምረጥ ማለት ከአያቴ ሦስት ጥያቄዎች የራቀ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ጥያቄዎቹን ትቶ በሌላ ነገር መመራት ነው፤ ይህ የአጎቴ ልጅ ነው፥ ይህ የሰፈሬ ሰው ነው፥ ይህ ድግስ ደግሷል ማለት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን ይናገራል፤ እንግዲህ ዘመዴ ነው ብዬ የመረጥሁት ሰው ለማያውቃቸውም ሰዎች ጭምር ሕግ ያወጣል ማለት ነው። የሚቀመጠውም አምስት ዓመት ነው። በዚያ መካከል መራጩ እምነት ካጣበት ሊያወርደው እንደሚችል እዚያው አንቀጽ ላይ ተጽፏል፤ ዳሩ ግን የመረጠውን ሰው ስም የረሳ መራጭ ማንን ሊያወርድ ነው? የክፍላችንን አለቃ ብናነሣ፥ ለጥቍር ሰሌዳው ጠመኔ እንዳይጠፋ አደርጋለሁ ብሎ ነበር። እስከ ጥር ድረስ ማንም አልጠየቀውም፥ እሱም አላሰበበትም። በጥር ሦስት ልጆች ሄደው ቃሉን ባስታወሱት በሳምንቱ ጠመኔው መጣ።

የጋብቻም ነገር እንደዚሁ ነው። አባቶቻችን በሰማንያ ሲጋቡ ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠሩ ነበር። ዋሱ የተጠራው ለጌጥ አይደለም፤ ነገር ሲበላሽ ተነሥቶ እንዲያስታርቅ፥ ቃል ሲፈርስ እንዲጠየቅ ነው። ዛሬም በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲጋቡ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ይቀርባል፤ ተጋቢዎቹም አሳባቸውን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለሹሙ ማስታወቅ አለባቸው። ይህ አንድ ወር ለአዳራሽና ለሙሽራ ልብስ መሯሯጫ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያስገርመኛል።

አስቀድሞ መጠየቅን አያቶቻችን ያውቁበት ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ የቤተ ሰቡ ጠባይ ሁሉ ይጣራል። ስሕተቱ ልጅቱን አለመጠየቃቸው ላይ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለወንድ 18 ዓመት ሲል ለሴት 15 ዓመት በቂ ነው ብሎ ነበር። እኔ ሴት በመሆኔ ይህን ቍጥር ሳነብ የዘጠነኛ ክፍል ደብተሮቼን አስታወስሁ፤ ያን ጊዜ 15 ዓመቴ ነበር፥ ማንን ማግባት ይቅርና የትኛውን ትምህርት እንደምወድድ አላወቅሁም ነበር። ሳይጠየቅ ቃል የሰጠን ሰው ጽና ማለት ፍርድ አይመስለኝም። መጽናት የሚጠየቀው ዐውቆና ወድዶ ከገባ ሰው ነው።

ደግሞም መጽናት ማለት ዱላ መቻል ማለት አይደለም። «ባል ነው፥ ቻይው» የሚሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ስላሉ ይህን በግልጽ መጻፍ እወዳለሁ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል። የምትደበደብ ሴት ቃሏን አላፈረሰችም፤ ቃሉን ያፈረሰው የመታት ነው። እኔ ጽናት የምለው ከዚህ በመለስ ላለው ሁሉ ነው፤ ለገንዘብ ጠብ፥ ለዘመድ ጣልቃ ገብነት፥ ለኵርፊያ፥ ለመሰልቸት። ብዙዎቹ ትዳሮች የሚፈርሱት በእነዚህ ይመስለኛል።

ለዚህ የማውቀው ምሳሌ የአክስቴ ትዳር ነው፤ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። አክስቴ የከባድ መኪና ሾፌር ያገባችው በ1991 ዓ.ም. ነው። ባሏ ሰው የሚጠላው አልነበረም፤ ነገር ግን ደመወዙን ሳይነግራት ከፍሎ ለወንድሞቹ ይልክ ነበር። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ተጣሉ፤ በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሄዳ የፍቺ ማመልከቻ አቀረበች። በቀድሞው ሕግ እንዲህ ያለውን ነገር የሚመለከቱት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ፤ በአዲሱ ሕግ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ዳሩ ግን ዳኛው ወዲያው አያፋታም፤ ባልና ሚስቱን ያነጋግራል፥ ራሳቸው የመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲያዩት ሊያደርግ ይችላል፥ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ለአክስቴም ሦስት ወር ተሰጣት።

በሦስቱ ወር ውስጥ ምን ተደረገ? ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲጀምሩ ስለ ፍቅር ብዙ ተናገሩ፤ እሱ ምንም አልፈየደም ትላለች። የፈየደው አንደኛው ሽማግሌ፥ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ፥ «ደመወዝ በተቀበለ ቀን ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ቍጠሩት፥ በደብተር ጻፉት፥ ለወንድሞቹም የሚሄደው በዚያው ይጻፍ» ያሉት ነው። ባሏ መጀመሪያ እንደ ውርደት ቈጥሮት ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ ግን ለወንድሞቹ የሚልከውን ያህል ለአማቱ ጤፍ እንዲገዛ ራሱ ጽፎ ተገኘ። አክስቴም ማመልከቻዋን አነሣች።

ደብተሮቹ አሁንም በሣጥን ውስጥ አሉ፤ ፈቅደውልኝ አገላብጬ አይቻቸዋለሁ። ጎማ፥ የቤት ኪራይ፥ የወንድም ሠርግ፥ የልጅ ክትባት፥ የትምህርት ቤት ልብስ፤ አንዳንዱ ገጽ በእሱ ብዕር፥ አንዳንዱ በእሷ ነው የተጻፈው። ጠብ የነበረበት ወር እንኳ ያስታውቃል፤ ቍጥሩ ብቻ ተጽፎ ለምን እንደ ወጣ አልተገለጸም። ይሁን እንጂ ያልተቈጠረበት ወር አላገኘሁም። የዘንድሮውን ደብተር ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ካለው ሱቅ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ።