የጾም ወጥ ሙያ

ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል የማይገቡበት ምግብ በኢትዮጵያ «የጾም» ሲባል፣ እነዚህ የሚገቡበት ደግሞ «የፍስክ» ይባላል። አከፋፈሉ ከሃይማኖት ሥርዓት የመነጨ ቢሆንም፣ በምግብነቱ ብቻ ሲታይ፣ ማርን ካልቈጠሩት በቀር፣ በውጭው ዓለም «ቪጋን» ከሚባለው አመጋገብ ጋር ይገጥማል፤ አውሮፓዊው አትክልት ተመጋቢ አብዛኛውን ጊዜ ወተትና እንቁላል ስለማይተው፣ የኢትዮጵያው ጾመኛ ከእርሱ ይልቅ ጠበቅ ያለ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ጥያቄ በምእመናን ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ስለሆነ እዚህ አይነሣም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት፤ «የዐዋጅ» መባላቸው ለሁሉም ምእመን የታወጁ በመሆናቸው ነው። ከእነዚህ ረጅሙ ዓቢይ ጾም ወይም ሁዳዴ 55 ቀናት ሲይዝ፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ይዘልቃል፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በየሳምንቱ ይመላለሳሉ። ሁሉንም የሚጠብቅ ሰው በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ይውላል። የዓመቱን ግማሽ ያህል በዚህ መልክ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ጣዕም የሌለው ምግብ እየበላ ሊዘልቅ አይችልምና፣ የጾሙ ርዝመት የጓዳውን ብልሃት ወለደ። በአማርኛ የወጥ አሠራር ችሎታ «ሙያ» ይባላል፤ ይህ ሙያ ከፍስክ ይልቅ በጾም ይፈተናል ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ቅቤ የብዙ ጉድለት መሸፈኛ ሲሆን፣ ጾም መሸፈኛውን ስለሚያነሣው የባለሙያዋ እጅ ራቁቱን ይታያል።

የዚህ ጓዳ ምሰሶ ጥራጥሬ ነው፤ ከጥራጥሬ የሚሠራው የመጀመሪያው ምግብም ሽሮ ነው። ሽሮ የሚለው ቃል ዱቄቱንም ወጡንም ይጠራል፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ወጡ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በአብዛኛው ዱቄቱ በተዘጋጀበት ቀን ነውና። ለዱቄቱ ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ወይም ሦስቱ ተቀላቅለው ይመረጣሉ። ሽምብራ የኢትዮጵያ ጥቁር አፈር ልጅ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ከአፍሪካ አገሮች ሽምብራን በብዛት በማምረት ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት። ጥሬው በመጀመሪያ ከጠጠርና ከእንክርዳድ ይለቀማል፤ ከዚያ እንደየቤቱ ልማድ ወይ ለጥቂት ጊዜ በውኃ ገንፍሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ወይ በቀጥታ ምጣድ ላይ ይታመሳል። ማመስ ማለት ደረቁን እህል በጋለ ምጣድ ላይ ያለ ማቋረጥ እያገላበጡ ማብሰል ሲሆን፣ ጥሬ የሆነውን ሽታ ያጠፋል፣ ገለባውን ያላቅቃል፣ ዱቄቱንም ከነቀዝና ከሻጋታ ይጠብቃል። እሳቱ ከበዛ ሽሮው ይመራል፣ ካነሰ ደግሞ ወጡ ሁልጊዜ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ በዚህ ደረጃ የተሠራን ስሕተት በኋላ የሚያርመው ቅመም የለም።

የታመሰው ጥሬ ተከክቶ፣ ማለትም ለሁለት ተከፍሎ፣ ገለባው በሰፌድ ከተለየ በኋላ ቅመሙ ይገባል። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድና ጨው በየመጠናቸው ተጨምረው አብረው ሲፈጩ ውጤቱ «ምጥን ሽሮ» ይባላል፤ ምጥን የተባለው ሁሉ ነገር ተመጥኖ፣ ተለክቶ ስለገባ ነው። በርበሬ ያልገባበት «ነጭ ሽሮ» ደግሞ ለአልጫ ይሆናል። የልኩ መጠን በየቤቱ የተለያየና ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ የሁለት ጎረቤታሞች ሽሮ አንድ ዓይነት ጣዕም ይዞ ቢገኝ ይገርማል። ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ሻንጣ ውስጥ ሽሮና በርበሬ የማይጠፉትም ስለዚህ ነው፤ በሱቅ የሚገዛ ሽሮ በየአገሩ ቢኖርም የእናት ምጥን ግን የትም አይሸጥም።

ወጡ ራሱ ሲሠራ ነገሩ ከሽንኩርቱ ይጀምራል። በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ዘይት ሳይነካው በባዶ ድስት ላይ ይደረግና፣ እንዳይዝ ውኃ ጠብ እየተደረገለት ለረጅም ጊዜ ይቁላላል። በዚህ ጊዜ በሽንኩርቱ ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ስኳሩ ይጎላል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ቅርጹም ጠፍቶ ለወጡ ውፍረት የሚሰጥ ልም ነገር ይሆናል። ይህ «ቁሌት» የሚባለው መሠረት ነው። የችኮላ አብሳይ ዘይቱን አስቀድሞ ያፈስና ሽንኩርቱን ይጠብሰዋል፤ የተጠበሰ ሽንኩርት ግን በወጡ ውስጥ ሳይሟሟ ተለይቶ ይታያል፤ በጾም ወጥ ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች የሚበዛውም ይህ ነው። ቁሌቱ ከደረሰ በኋላ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ውኃ ተጨምሮ፣ ውኃው ሲፈላ ሽሮው እንዳይጓጉል በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው ይማሰላል፤ አንዳንዶች አስቀድመው በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ያፈሱታል። ከዚያ በዝግታ እየተንተከተከ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ መቆየት አለበት። ቀጠን ያለው «ፈሰስ»፣ ወፈር ብሎ በትንሽ ሸክላ ድስት እየፈላ ገበታ ላይ የሚቀርበው ደግሞ «ተጋቢኖ» ይባላል። «ቦዘና» የተባለው ሥጋ የገባበት ሽሮ ስለሆነ፣ ሽሮ የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ የሚያዝ እንግዳ ሊሳሳት ይችላል።

ቅቤ የተወውን ቦታ የሚሞሉት የቅባት እህሎች ናቸው። ኑግ ኢትዮጵያ ውስጥ ከዱር ተወስዶ የለመደ ሰብል ሲሆን፣ ዘይቱ የራሱ የሆነ የለውዝ ዓይነት ጣዕም አለው፤ የተጨመቀው ቅሪት «ፋጉሎ» ተብሎ ለከብት ይሰጣል። ሱፍ ደግሞ ሞቅ ተደርጎ በሙቀጫ ከተወቀጠ በኋላ በውኃ ታሽቶ በወንፊት ሲጠለል ወተት የሚመስል ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ በዚህ ፈሳሽ ላይ እንጀራ ተፈትፍቶ ቃሪያና ሽንኩርት ሲጨመርበት የሱፍ ፍትፍት ይሆናል፣ በሞቃት ቀንም ከእርሱ የሚሻል የጾም ምሳ ለማግኘት ያስቸግራል። ተልባ ኦሜጋ ሦስት የተባለው ጠቃሚ ቅባት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ሳይደቅ ከተዋጠ በሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ስለሚያልፍ፣ ታምሶ መወቀጡ ለጣዕም ብቻ የተደረገ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የተረሳው ስልጆ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ እንደ ገንፎ ተሠርቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የተፈጨ ሰናፍጭና ቅመማ ቅመም ተጨምሮበት ተከድኖ ለጥቂት ቀናት ይቦካል፤ የሚገኘውም ጎምዘዝ ያለ፣ አፍንጫ የሚነካ ማባያ ነው። የሰናፍጭ ኃይል የሚወጣው ፍሬው ተደቁሶ ውኃ ሲነካው ብቻ ሲሆን፣ እሳት ያጠፋዋል፤ በዚህ የተነሣ ከተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ከሎሚና ከሰናፍጭ የሚሠራው አዚፋ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ይቀርባል። በሽምብራ ዱቄት ሊጥ የዓሣ ቅርጽ ተሠርቶ፣ ከበሰለ በኋላ ቁሌት ውስጥ የሚገባው «የሽምብራ ዓሣ»ም የዚሁ ጓዳ ሥራ ነው፤ ቀልድም ሙያም አለበት። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ፎሶሊያና ቀይ ሥር ለገበታው ቀለምና እርጥበት ስለሚሰጡ አይናቁም፤ ሆኖም ክብደቱን የሚሸከመው ጥራጥሬው ነው።

ይህ ገበታ ሰውን በሚገባ የሚመግበው ለምን እንደሆነ የምግብ ሳይንስ ያስረዳል። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከተባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተገነባ ሲሆን፣ እህሎች ላይሲን የተባለው ያንሳቸዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜቲዮኒን ይጐድለዋል፤ ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ብረትንና ዚንክን አስሮ ከሰውነት ይከለክላል፤ የጤፍ ሊጥ በእርሾ ለሁለትና ለሦስት ቀናት ሲቦካ ግን ከፋይቴቱ ከፊሉ ይፈርሳል። ሎሚና ቃሪያ በቫይታሚን ሲ አማካይነት ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ሲረዱ፣ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል፤ በመሆኑም ከጾም ምሳ በኋላ ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይመረጣል፣ ምንም እንኳ ይህን ምክር ጀበና ተጥዶ ሽታው በሸተተበት ቤት የሚሰማ ሰው ጥቂት ቢሆንም።

ሁለት ነገሮች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው ጓያ ነው፤ ርካሽና ድርቅን የሚችል በመሆኑ በሽሮ ውስጥ ይደባለቃል፣ ነገር ግን በችግር ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ይህ ቫይታሚን በዕፀዋት ውስጥ ስለማይገኝ፣ ጾመኛው በፍስክ ቀናት ሲያገኘው፣ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማይቀምስ ሰው ግን ከሌላ ምንጭ፣ ለምሳሌ በእንክብል፣ ማግኘት ይኖርበታል።

ከእነዚህ ወጦች ብዙዎቹ በአንድ እንጀራ ላይ ጠብ ጠብ ተደርገው ሲቀርቡ «በያይነቱ» ይባላሉ። በያይነቱ ዛሬ በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ ከተሞች ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሆኑ የማያውቁ ተመጋቢዎችንም ይስባል፤ እነዚህ ተመጋቢዎች ሲያዝዙ «የጾም» የሚለውን ቃል ቢጠቀሙ ይበጃቸዋል፣ ጎመንም ሆነ ሽሮ በፍስክ ቀን በቅቤ ሊሠራ ይችላልና። በአገር ውስጥም ሽሮ የጾመኛው ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ተማሪውም የቀን ሠራተኛውም ይበላዋል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም፤ ሽሮ ግን በእነዚያም ቀናት ከምድጃ አይወርድም።