ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ስለ ኪሳችን እናውራ!

ዛሬ የራሴን ገመና ነው የማወጣላችሁ። ከእጮኛዬ ጋር የሦስት ቀን ጉዞ ለማድረግ ማቀድ ከጀመርን ሁለት ወር ሆነን። ጉዞው አጭር ነው፤ ጭቅጭቁ ግን የሦስት ዓመት ይመስል ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ አዲስ አበባ ይሠራል፣ እኔ ጌጫ ነኝ። የምንገናኘው በዓመት ሁለቴ ነው። ከሠርጉ በኋላ እኔ ልሂድ ወይስ እሱ ይምጣ የሚለውን እስከ ዛሬ በደንብ አላወራንበትም። በስልክ እንዳንጨርሰው ደግሞ ዝናቡ በመጣ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ "ባቡር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናውራው" አልኩት። ለጌጫ ልጅ ባቡር ብርቅ ነዋ!

ወዴት? ወደ ሐርላ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። የአካባቢው ሰው የድሮውን ግንብ ትላልቅ ድንጋዮች እያየ "እዚህ ግዙፋን ይኖሩ ነበር" ይል ነበር አሉ። በኋላ ግን የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኛው የቅርስ ጥናት መሥሪያ ቤት ጋር ቆፍረው ያገኙትን በሰኔ 2009 ዓ.ም ይፋ አደረጉ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ፍርስራሽ፣ መቃብሮች፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ የመጡ ሳንቲሞች፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የደረሱ ዕቃዎች! ለካ እነዚያ "ግዙፋን" ነጋዴዎችና ጌጥ ሠሪዎች ነበሩ።

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። የድሮው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም እዚያ ባይደርስ ኖሮ ከተማ ባልሆነች ነበር። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ደግሞ በ2009 ዓ.ም ተመርቋል። ታዲያ ከዚህ የተሻለ የት ይኬዳል?

እሱም መጀመሪያ ላይ በደስታ ፈነደቀ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ግን "ሙቀቱን ትችይዋለሽ?" ማለት ጀመረ። ቀጥሎ "ለድንጋይ ብለን?" አለኝ። በመጨረሻ "ባይሆን ሌላ ጊዜ…" መጣች። እኔማ ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። "ስለ ቦታው አትጨቃጨቂው። ብሩ የት እንዳለ ጠይቂው" አለችኝ። ጠየቅኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ!" አልኩ። "አለሁ" አለ፣ "ብሩ ግን የለም።" ለጉዞው ያጠራቀመውን ለታናሽ ወንድሙ ሕክምና አውጥቶታል። ለኔ መንገር አፍሮ ነበር የሐርላን ድንጋይ ሲሰድብ የከረመው!

ተናደድኩ? አዎ፣ በጣም። የተናደድኩት ግን በብሩ አይደለም። ወንድሙን ማሳከሙ ይበልጥ አስወድዶኛል። የከፋኝ ያን ሁሉ ጊዜ ከጥርጣሬ ጋር ብቻዬን ስለተወኝ ነው። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ይባል የለ? ትዳርም እንዲሁ ሊቀር ይችላል። እናም በማግስቱ ሁለታችንም ወረቀት ይዘን በየፊናችን ጻፍንና በስልክ ተነባበብን። እናንተም ሞክሩት።

አንደኛ፣ እውነተኛውን ብር ጻፉ። ምን ያህል አላችሁ? ከዚያ ላይ የቤተሰብ የሆነው ስንቱ ነው? እኔ ግማሹን እንደምችል ስነግረው እፎይ አለ። እናቴ "ሁለት ክፍል ነው አይደል የምትይዙት?" ብላለች። አዎ እማዬ፣ ሁለት ክፍል ተብሎ በጀት ተይዟል!

ሁለተኛ፣ ቀኑን ለሁለታችሁም ቁጠሩ። እሱ "ሦስት ቀን" ሲል ከአዲስ አበባ ነው የሚቆጥረው። እኔ በቴፒ፣ በሚዛን፣ በቦንጋና በጅማ አድርጌ አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት ቀን፣ ለመመለስም ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። የኔ ሳምንት ሙሉ መሆኑን ያወቀው ገና ወረቀቱ ላይ ሲያየው ነው። ባቡሩም እንደ ታክሲ ባሰኛችሁ ሰዓት የሚገኝ አይደለም። የሚነሳበትን ቀን ሳትጠይቁ ፈቃድ አትውሰዱ። ለቡ ያለው ጣቢያም ሆነ የድሬዳዋው ከመሀል ከተማ የራቁ ስለሆኑ የታክሲውን ሒሳብ አትርሱ።

ሦስተኛ፣ ምን እንደምታዩ እወቁ። ሐርላ ላይ ላሊበላን የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። እዚያ ያለው የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ ታሪኩን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ካልነገራችሁ ድንጋይ ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ለኔ ይህ አይከብደኝም። በኛ በሸካ አባቶቻችን የሚያከብሩት የጸሎት ቦታ ጫካ ውስጥ ነው፤ ምሰሶ የለውም፣ ዛፍ ነው። ደናችንን ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም መዝግቦታል። የሐርላ መስጊድ ፈርሶም ተቆፍሮ ተገኘ፤ የኛ ዛፍ ግን ከተቆረጠ የሚቆፈር ነገር የለም። እሱም ይህን ስነግረው "እንግዲያው ቀጥሎ ጌጫን ታሳይኛለሽ" አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ!

አራተኛ፣ በመንገድ ላይ የምታነሱትን ከባድ ጥያቄ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ድንገት አፍንጫው ላይ አትወርውሩበት። እኔ "የት እንደምንኖር" ብዬ ጻፍኩ። የሱን ወረቀት ሲያነብልኝ መጨረሻው ላይ ያለችውም እሷው ራሷ ነበረች።

ጉዞው ከፋሲካ በኋላ ተዛውሯል። ወንድሙም እየተሻለው ነው። የት እንደምንኖር ደግሞ በሐዲዱ ላይ እንጨርሰዋለን።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት!