«ጫን» የሚለው ቁልፍ ለምን ይዘገያል?
በኮምፒውተር ላይ ድንገት ብቅ ብሎ፣ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሌላውን ሥራ የሚያግድ የጥያቄ መስኮት በሙያው አጠራር «ሞዳል» ይባላል። በብራውዘር ላይ ተጨማሪ ፕሮግራም ለመጫን ፈቃድ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ መስኮት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ጄሲ ሩደርማን የተባለ ባለሙያ የመስኮቱን ደካማ ጎን አሳየ። ተንኮለኛ ድረ ገጽ ተጠቃሚው አንድን ሥፍራ ሁለት ጊዜ በፍጥነት ጠቅ እንዲያደርግ ይጋብዘዋል። የመጀመሪያው ጠቅታ መስኮቱን ያስከፍታል፤ ሁለተኛው «ጫን» በሚለው ቁልፍ ላይ ያርፋል። ጥያቄው ሳይነበብ ፈቃድ ተሰጠ ማለት ነው።

ፋየርፎክስ በበኩሉ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንዶች ደብዝዞ እንዳይሠራ አደረገ። መዘግየቱ ሰውን ጽሑፍ ለማስነበብ የታሰበ ይመስላል፤ ቢነበብማ መልካም ነበር። ዋና ዓላማው ግን ለሌላ ነገር የተሰነዘረ ጣት ሳያስበው እንዳይፈቅድ መከላከል ነው። ስለዚህም ተጠቃሚው ወደ ሌላ መስኮት ሄዶ ሲመለስ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።