ሞተር ሲያስጠነቅቅ እንስማው

በበጋ ወራት ከዱከም ወጣ ስንል፣ ወንዝና ጉድጓድ ባለበት ሁሉ የውሃ መሳቢያ ሞተር ድምፅ እንሰማለን። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ውሃ የሚያገኘው በእሱ ነው። ሞተሩ ሲበላሽ የሚደርቀው ማሳው ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ ጎጆው ነው።

አባቶቼና እናቶቼ፣ በሬ ሲታመም ሣር ይተዋል፣ ጆሮው ይወድቃል። ገበሬ ይህን በዓይኑ ብቻ ያውቃል። ሞተርም ሲታመም ምልክት አለው። የዛሬው ትምህርታችን ይህን ምልክት እንዴት እንደምናነብ ነው።

ዘበኛውን ያባረሩ ሰዎች

ማታ ማታ ፊደል በማስተምርበት ሰፈር አራት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ የቤንዚን ሞተር ገዙ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ በራሱ ጊዜ ቆመ። ቢያስነሱት ትንሽ ሄዶ እንደገና ቆመ። አንድ ጎረምሳ መጣና፣ «የምታስቆመው ይቺ ሽቦ ናት» ብሎ አንዲት ሽቦ ነቀለ። ሞተሩ ተነሣ። ሁላችንም ተደሰትን፤ እኔም ጭምር።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሞተሩ ነከሰ። ከፍተው ቢያዩት ዘይት የለውም። ያች ሽቦ ዘይት ሲጎድል ሞተሩን የምታስቆም የሞተሩ ዘበኛ ነበረች። ዘበኛውን አባረን ሌባውን አስገባን ማለት ነው። ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ጊዜ ውሃ አጣ፤ አራቱም ቤተሰብ ከሰረ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

ሞተር የሚያስጠነቅቀው ስለ ምንድን ነው?

ሞተርን ቶሎ የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የዘይት ማነስ፣ ሁለተኛው ከመጠን በላይ መሞቅ ነው። በሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። በመካከላቸው ዘይት ከሌለ ይግላል፣ ያብጣል፣ ይያያዛል። «ነከሰ» የምንለው ይህን ነው።

በጣና ሐይቅ ጀልባዎች ላይ የሚታሰረውን ሞተር እንመልከት። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። እምቦጭ የሚባለው አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ ተስፋፍቷል። አረም ወይም ላስቲክ የውሃ ማስገቢያውን ሲዘጋው ሞተሩ ይግላል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ያን ጊዜ ጢጥ ጢጥ እያሉ ይጮኻሉ። ብልህ ጀልባ ነጂ ሞተሩን ወዲያው ያጠፋል፣ አረሙን ያነሣል፣ ከዚያ አስነሥቶ ማቀዝቀዣው ውሃ መውጣቱን ያያል። ጩኸቱን ችላ ያለው ግን በሐይቁ መካከል ይቀራል።

የእኛ የውሃ ሞተር ብዙውን ጊዜ አይጮኽም። እሱ የሚናገረው በመቆም፣ በጭስና በሙቀት ነው።

በራሱ ጊዜ ቢቆም ምን እናድርግ?

1ኛ. ሞተሩ ይቀዝቅዝ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መጨመር እሳት ያስነሣል።

2ኛ. ሜዳ ቦታ ላይ እናስቀምጠው። ካዘነበለ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ፣ ዘይት እያለውም «የለኝም» ብሎ ሊቆም ይችላል።

3ኛ. ዘይቱን እንለካ። ከጎደለ በሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈውን ዓይነት እንጨምር። አምስት ተኩል የፈረስ ጉልበት ያላቸው ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የሚይዙት 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ስኒ መጉደል ለእነሱ ብዙ ነው።

4ኛ. ዘይቱ ሙሉ ከሆነ ቤንዚኑን፣ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን እንይ።

5ኛ. ሽቦ አንንቀል። ምክንያቱ ካልተገኘ ወደ መካኒክ እንውሰደው።

ጭሱስ ምን ይላል?

ጥቁር ጭስ ሲሆን አየር አንሶታል ወይም ነዳጅ በዝቶበታል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እናጽዳ። ሰማያዊ ጭስ ሲሆን ዘይት እየነደደ ነው፤ ዘይት በዝቶ እንደሆነ እንለካ። ካልበዛ የውስጥ ዕቃው አልቆ ይሆናል።

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ገለባና አቧራ ሲደፍነው ይግላል። ስለዚህ ዙሪያውን እንጥረግ። በውሃ የሚቀዘቅዘው የናፍጣ ሞተር ደግሞ ውሃው እየተነነ ያልቃል፤ እየፈተሽን እንሙላ። ሌላም አለ፦ ቱቦው ውሃ መስጠት ካቆመ ሞተሩን ቶሎ እናጥፋ። መሳቢያው ያለ ውሃ ሲዞር የውስጥ ማሸጊያው ይቃጠላል።

የትራክተር መብራቶች

ትራክተር የምትከራዩ ወይም በማኅበር ያላችሁ፣ በሹፌሩ ፊት ያሉትን መብራቶች እወቋቸው። የዘይት ጣሳ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት በሥራ ላይ ከበራ፣ «ይቺን ትልም ልጨርስ» አይባልም፤ ወዲያው ማጥፋት ነው። የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ከደረሰ ሥራ አቁሙ። ራዲያተሩን ግን በጋለበት አትክፈቱ፤ የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል። የባትሪ ሥዕል ከበራ ቺንጋው ላልቶ ወይም ተበጥሶ እንደሆነ ተመልከቱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የዘይትና የባትሪ መብራቶች መብራት አለባቸው። ሲነሣ ይጠፋሉ። ፈጽሞ የማይበራ መብራት ሰላም ነው ማለት አይደለም፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል።

ሞተሩ የማይናገረው አደጋ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሞተሩን የሚጎዳ ነው። ሰውን ስለሚገድለው ነገር ግን ሞተሩ ምንም አይናገርም።

የሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለበት። መርዙ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ሞተር ወደ ጉድጓድ ሲወርድ መርዙ እዚያው ይጠራቀማል። የወረደ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከዚያ ይወድቃል። ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፤ እሱም እዚያው ይቀራል።

ሰዎች ሞተር ወደ ጉድጓድ የሚያወርዱት ለምንድን ነው? ውሃው ጥልቅ ሲሆን ከላይ ሆኖ አልስብ ስለሚላቸው ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ውሃን በመሳቢያው ቱቦ ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ዳርቻ ይህ ክብደት ውሃን 10 ሜትር ያህል ይገፋል። ዱከም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፤ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። በተግባር ደግሞ ከ6 ሜትር በላይ ሲሆን ሞተሩ ይቸገራል። እንግዲህ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ለጥልቅ ጉድጓድ የሚሆነው ውሃ ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል መሳቢያ፣ አለዚያም በእጅ የሚዞር የገመድ ፓምፕ ነው።

ስለዚህ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ የሚጠጣ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይውረድ። በተዘጋ ጎጆ ውስጥም አይነሣ። ኩራዝ አውርዶ መሞከርም አያድንም፤ ኩራዙ እየነደደ ሰው ይሞታል። ሰው ከወደቀ ማንም አይከተለው፤ ጮኻችሁ ሰው ሰብስቡ፣ ገመድ ጣሉለት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አስጠሩ። ሲወጣ ንጹሕ አየር ያግኝ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

ፊደሉን እንጠቀምበት

ለሞተሩ አንድ ደብተር ያዙለት። ቀኑንና የሠራበትን ሰዓት ጻፉ። በብዙዎቹ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። በቃል ይረሳል፤ በጽሑፍ ይቀመጣል። ያ የነከሰው ሞተር ታድሶ ዛሬ ይሠራል። ደብተሩን የምትይዘው ባለፈው ዓመት «ሀ» ብላ የጀመረች እናት ናት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሞተር በራሱ ጊዜ ቢቆም በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
2. ዘይት ያለው ሞተር ሲያዘነብል ለምን ይቆማል?
3. ጎረቤታችሁ ሞተር ወደ ጉድጓድ ሊያወርድ ቢነሣ ምን ትሉታላችሁ?