የኮምፒዩተር ስምና ስም አውጪው

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለሰው ልጅ የተነገረ ነው እንጂ ለኮምፒዩተር አይሆንም። የኮምፒዩተርን ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰውም በስም አወጣጥ ይሳሳታል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፥ ጣርማ በርን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ ደብረ ሲና ከተማን ያገኛል። ትርጓሜውም የሲና ተራራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በጣና ዳር፥ በጎርጎራ፥ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ በኤርትራም በከረን አጠገብ ደብረ ሲና የሚባል ገዳም ይገኛል። ስለዚህ ለማያውቅ ሰው «የሸዋው ደብረ ሲና» ብሎ መለየት ግድ ነው።

በመረብ የተያያዙ ኮምፒዩተሮችም ነገር እንዲሁ ነው። ፕሮግራሞች ከርነል የተባለውን የኮምፒዩተሩን የውስጥ አስተዳዳሪ ስለ ስሙ የሚጠይቁባቸው ሁለት ጥሪዎች አሉ። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በወጣው በ4.2 ቢ.ኤስ.ዲ. የታዩት «ጌትሆስትኔም» እና «ሴትሆስትኔም» ናቸው። የፊተኛው ስሙን ያነባል፤ የኋለኛው ይሰይማል። የሕፃንን ስም ጎረቤት ሁሉ ይጠራዋል፥ ማውጣቱ ግን የወላጅ ነው። እዚህም ማንበብ ለማንኛውም ፕሮግራም የተፈቀደ ሲሆን፥ መሰየም የሚችለው የኮምፒዩተሩ ባለሥልጣን ብቻ ነው።

በሊኑክስ ስሙ ከ64 ባይት አይበልጥም። የግዕዝ ፊደል ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ፥ ከ21 ፊደል በላይ አይገባም። ይህም ቢሆን የመረቡ የቆየ ደንብ ለኮምፒዩተር ስም የሚቀበለው የላቲን ፊደል፥ አኃዝና ጭረት ብቻ ስለሆነ፥ ስሙን በላቲን መጻፍ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው ግን ይህ ነው፤ ከርነሉ ሌላ ሞክሼ መኖሩን አይመረምርም። ከአንድ ኮምፒዩተር ተገልብጠው የተዘጋጁ 10 ኮምፒዩተሮች ሁሉም አንድ ስም ይዘው ሊነሡ ይችላሉ። ያን ጊዜ የብልሽት መዝገብ ስሙን ቢናገርም፥ ባለሙያው ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ አያውቅም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አስቀድሞ የስም መዝገብ ማዘጋጀት፥ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የከተማውን፥ የክፍሉንና የተራ ቁጥሩን ምልክት መስጠት ነው። በጥሪው ብቻ የተሰጠ ስም ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ስለሚጠፋ፥ በፋይልም ጽፎ ማኖር ያስፈልጋል። በመጨረሻ የድርጅቱና የአገሩ ስም፥ ለኢትዮጵያ «ነጥብ ኢቲ»፥ ሲከተለው ስሙ ከዓለም ሞክሼዎች ሁሉ ይለያል።

ስም ለጌጥ አይደለም፤ ተጠርቶ «አቤት» የሚለው አንድ ብቻ እንዲሆን ነው።