ጨውና ማገዶ

ከምግብ ላይ ጣል የምናደርጋት ቁንጥር ጨው ተራ ነገር ትመስላለች። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ለኖረው የአውሮፓ ሕዝብ ግን ጨው ከማጣፈጫነት ያለፈ ጥቅም ነበረው። ሥጋና ዓሣ ሳይበላሹ የበረዶውን ወራት የሚያልፉት በጨው ታሽተው ስለነበር፣ የጨው እጥረት የስንቅ እጥረት ማለት ነበር።

ጨው በባሕርም ሆነ በምድር ውስጥ ሞልቷል፤ አስቸጋሪው ነገር ከውሃ መለየቱ ነው። በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ የባሕሩ ውሃ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ተከትሮ በፀሐይና በነፋስ እንዲተን ይደረግ ነበር። ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ግን ፀሐይዋ ስለምትደክም የእርሷን ሥራ እሳት መተካት ነበረበት። ከ100 ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ የሚገኘው ጨው 3 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጨው ሠሪዎች ከመሬት የሚፈልቁ ጨዋማ ምንጮችን ይመርጡ ነበር። እጅግ ጨዋማ ከሆነው ምንጭ እስከ 26 ኪሎ ግራም ይገኛል፤ ሆኖም ቀሪው 74 ኪሎ ግራም ውሃ በእሳት ኃይል ተንኖ ማለቅ አለበት።

ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ጊዮርጊዮስ አግሪኮላ፣ እ.ኤ.አ. በ1556 በታተመው መጽሐፉ፣ ይህን አሠራር በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል። በመጀመሪያ ጨዋማው ውሃ ተቀድቶ ሰፊና ጠፍጣፋ በሆነ ምጣድ ላይ ይፈስሳል። ቀጥሎም የበሬ ደም ይጨመርበታል፤ በሌሎች ስፍራዎች ደግሞ በደሙ ፈንታ የእንቁላል ነጭ ይጨመር ነበር። ይህ ለምን አስፈለገ? ደሙ ወይም እንቁላሉ በሙቀት ሲረጋ በውሃው ውስጥ የተበተነውን እድፍ አቅፎ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሠራተኛውም ገፈቱን ይገፍፈዋል። ከዚህ በኋላ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ የጨው ቅንጣት መታየት ይጀምራል። እሳቱ ከበረታ ጨው ይደቃል፤ ከለዘበ ግን ቅንጣቱ ይተልቃል። በመጨረሻም ጨው ተዝቆ በቅርጫት ይደረግና ይንጠፈጠፋል። መራራው ውሃ ተንጠፍጥፎ ካልወጣ፣ ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ ይረጥባል።

እሳት ግን ማገዶ ይፈልጋል። በባቫሪያ የምትገኘው የራይኸንሃል ከተማ በጨዋማ ምንጮች የበለጸገች ብትሆንም፣ የአካባቢዋ ደን ለምጣዶቿ አልበቃ አለ። እንጨቱን ከሩቅ ወደ ምንጩ ማጓጓዝ አድካሚ በመሆኑ ነገሩ ተገለበጠ፤ ውሃው ራሱ ወደ ደኑ እንዲሄድ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. ከ1617 እስከ 1619 ድረስ፣ ከራይኸንሃል እስከ ትራውንሽታይን 31 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቧንቧ ተዘረጋ። አብዛኛው ቧንቧ ከተቦረቦረ ግንድ የተሠራ ሲሆን፣ ጨዋማው ውሃ ዳገቱን የሚወጣው በወራጅ ውሃ ኃይል በሚሽከረከሩ መንኮራኩሮች እየተገፋ ነበር። በትራውንሽታይን ጨው የማፍላቱ ሥራ እስከ 1912 ቀጥሏል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጨው ሠሪዎች በእንጨት ፈንታ በድንጋይ ከሰል ወደ መጠቀም ተሸጋገሩ።

እንግዲህ በእነዚህ አገሮች የጨውን ሥራ የወሰነው የጨው ብዛት ሳይሆን የማገዶ መገኘት ነበር። ስለሆነም አንድን ነገር ስንመለከት፣ ከምን እንደተገኘ ብቻ ሳይሆን እርሱን ለማግኘት ምን እንዳለቀም መጠየቅ ይገባናል።

ጥያቄዎች
1. የበሬ ደም ወይም የእንቁላል ነጭ ጨዋማውን ውሃ የሚያጠራው እንዴት ነው?
2. «ነገሩ ተገለበጠ» የሚለው ሐረግ በምንባቡ ውስጥ ምን ያመለክታል?
3. «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎም»፣ «ከዚህ በኋላ» እና «በመጨረሻም» የሚሉትን አያያዦች በመጠቀም፣ የምታውቁትን አንድ የእጅ ሥራ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።