ለተማሩበት ቤት ዕድሜአቸውን የሰጡ እናት፤ ስለ ወይዘሪት ሉሲ ስሎው አገልግሎት

ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚሰድ ወላጅ ስለ መምህራኑ ዕውቀትና ስለ ትምህርቱ ዓይነት አስቀድሞ ይጠይቃል። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጂቱ ከክፍል ስትወጣ በምን ዓይነት ቤት እንደምታድር፣ ስትታመም ማን እንደሚያስታምማት፣ ስትበደል ለማን አቤት እንደምትል፣ ግራ ሲገባት ማን እንደሚመክራት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙ ሰዎች በየትምህርት ቤቱ አሉ። በምረቃ ቀን ስማቸው ብዙ ጊዜ አይጠራም፤ ያለ እነርሱ ግን ለዚያች ቀን ሳይደርሱ የሚቀሩት ብዙዎች በሆኑ ነበር።

ስለዚህ በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቬርስቲ ተምረው፣ ኋላም ወደ ተማሩበት ቤት ተመልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ስላገለገሉት ስለ ወይዘሪት ሉሲ ዲግስ ስሎው ለውድ አንባቢዎቻችን ልናወሳ ወደድን። በጽሑፋችን የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሐዋርድ ዩኒቬርስቲ የተመሠረተው በ1867 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው። ትናንት ፊደል መቁጠር የተከለከሉ ሰዎች ልጆቻቸውን ለመምህርነት፣ ለሐኪምነትና ለጥብቅና ያበቁበት ቤት ነው። ለእኛም አገር ባዕድ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን የተማሩት በ1930ዎቹ በዚሁ ዩኒቬርስቲ ነበር፤ በዚያም ዘመን ወይዘሪት ስሎው በሥራቸው ላይ ነበሩ። ዛሬም በዋሽንግተን የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በዚያው አካባቢ ይነግዳሉ።

የልጅነትና የተማሪነት ዘመን

ወይዘሪት ሉሲ የተወለዱት በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር በቤሪቪል ከተማ ነው። አባታቸውም እናታቸውም ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባቸው፣ የአባታቸው እኅት ወይዘሮ ማርታ ፕራይስ ወስደው አሳደጓቸው። ዕድሜአቸው 13 ዓመት ሲሆን ቤተ ሰቡ ወደ ባልቲሞር ከተማ ተዛወረ፤ በዚያም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1904 ዓ.ም. ጨርሰው በዚያው ዓመት ሐዋርድ ገቡ። ወላጅ የሌላት ጥቁር ልጃገረድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መግባቷ በዚያ ዘመን እንደ ብርቅ የሚታይ ነገር ነበረ።

በ1908 ዓ.ም. ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ከስምንት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አልፋ ካፓ አልፋ የተባለውን የሴት ተማሪዎች ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ይህም በአሜሪካ የጥቁር ሴት ተማሪዎች ካቋቋሟቸው እንዲህ ካሉ ማኅበሮች የመጀመሪያው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለብቻዋ ስትሆን የማትሰማ ተማሪ ከእኅቶቿ ጋር ስትቆም እንደምትሰማ ያን ጊዜ ተረድተውት ነበር።

ከዚያም በባልቲሞር የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኑ፤ በ1915 ዓ.ም. ከኮሎምቢያ ዩኒቬርስቲ የማስተርስ ዲግሪ አገኙ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የጥቁሮች የቴኒስ ማኅበር ባዘጋጀው የመጀመሪያ አገር አቀፍ ውድድር በሴቶች በኩል አሸናፊ ሆኑ። ትምህርትና የአካል ማጎልመሻ እንደማይጣሉ፣ ጨዋነትና ብርታትም በአንዲት ሴት አብረው እንደሚኖሩ በራሳቸው አሳዩ። በ1919 ዓ.ም. የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ለጥቁር ተማሪዎች የመጀመሪያ የሆነውን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ አደራ ሰጣቸው፤ እርሱንም ሦስት ዓመት በርእሰ መምህርነት መሩት።

ወደ ተማሩበት ቤት ሲመለሱ

በ1922 ዓ.ም. ሐዋርድ የሴት ተማሪዎች ዲን አድርጎ ሾማቸው። በአሜሪካ ዩኒቬርስቲ ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እርሳቸው ናቸው። ሹመቱን ግን እንዲሁ አልተቀበሉትም። ከዚያ በፊት ለሴት ተማሪዎች የሚመደቡት ሴቶች ብዙውን ጊዜ የማደሪያ ቤት ሞግዚቶች ነበሩ፤ በር መዝጋትና መክፈት፣ የሚገባና የሚወጣውን መቁጠር ሥራቸው ነበረ። ወይዘሪት ስሎው ግን የመምህርነት ማዕረግና ከሌሎቹ ዲኖች የተስተካከለ ሥልጣን እንዲሰጣቸው፣ በራሳቸውም ቤት እንዲኖሩ አስቀድመው ተነጋገሩ። ይህን የፈለጉት ለራሳቸው ክብር ብቻ አልነበረም። ሴት ልጆችን የምትመራው ሴት የተናቀች እንደ ሆነች፣ ልጆቹም ራሳቸውን መናቅ ይማራሉ ብለው ያምኑ ነበርና ነው።

ጥበቃ ብቻውን ልጅን አያሳድግም የሚል አሳብ ነበራቸው። ብዙ ሴቶች ልጆች ሁሉን በሚወስንላቸው ቤት አድገው ይመጣሉ፤ በትምህርት ቤቱም የሚወስንላቸው ሌላ ሰው ከተተካ፣ ተመርቀው ሲወጡ ራሳቸውን መምራት አይችሉም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ማኅበራቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ፣ በጉባኤ ቆመው እንዲናገሩ፣ ከመምህርነት ሌላም ያለውን የሥራ ዓይነት እንዲያውቁ አደረጉ። በየዓመቱ ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን አብረው የሚቀመጡበት የሴቶች ግብር ይዘጋጅ ነበር፤ ታናሺቱ ታላቂቱን አይታ ተስፋ እንድታገኝ ነው። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ የደከሙላቸው ሦስት የሴቶች ማደሪያ ሕንጻዎች ተከፈቱ። እነዚህን ቤቶች የመኝታ ስፍራ ብቻ ሳይሆኑ የሥነ ሥርዓትና የመልካም ኑሮ መማሪያ እንዲሆኑ አስበው ነበር።

አሳባቸውም በአንድ ትምህርት ቤት ተወስኖ አልቀረም። የተማሩ ጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ በ1929 ዓ.ም. በጥቁሮች ኮሌጆች ያሉ የሴት ተማሪዎች አማካሪዎችን ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። በ1933 ዓ.ም. ስለ ጥቁር ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት በታተመው ጽሑፋቸውም ኮሌጆች ሴቶችን ለዘመኑ ኑሮና ለኃላፊነት እንዲያዘጋጁ ተከራከሩ።

የገጠማቸው ፈተና

ይህ ሁሉ ያለ መከራ አልተገኘም። በ1926 ዓ.ም. ዩኒቬርስቲው አዲስ ፕሬዚዳንት ካገኘ በኋላ ወይዘሪት ስሎው ከዲኖች ጉባኤ ተለዩ፤ ደመወዛቸውም ከወንዶቹ ዲኖች ያነሰ ሆኖ ቀረ። ሴት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የማይገባ ንግግር እንደሚነገራቸው ከወላጅ አቤቱታ በደረሰ ጊዜ፣ ነገሩን ከመሸፋፈን ይልቅ ለአለቆቻቸው አቀረቡ፤ ስለዚህም ብዙ ቅሬታ ተቀበሉ። ኋላም ቤታቸውን ትተው በግቢው ውስጥ እንዲኖሩ ተጠየቁ። ከወንዶቹ ዲኖች ግን አንዱም እንዲህ አልተጠየቀም ነበር። ያን ጊዜ የቀድሞ ሴት ምሩቃን ተነሥተው ስለ እርሳቸው ተከራከሩ፤ እርሳቸውም በቤታቸው እንደ ተቀመጡ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ላይ ጥቂት እናስብ። ተበደልሁ ብሎ ሥራን መተው ለብዙ ሰው ቀላል ነው፤ በደልን ዝም ብሎ ተሸክሞ መኖርም ሌላው መንገድ ነው። ወይዘሪት ስሎው ከሁለቱ አንዱንም አልመረጡም። በደሉን በግልጽ ተናገሩ፤ ነገር ግን የተበደሉበት ቤት ልጆች እንዳይጎዱ ሥራቸውን አላቋረጡም። ቤትን መውደድ ማለት ጉድለቱን አለማየት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

በዚህ ሁኔታ 15 ዓመት አገልግለው፣ ጥቅምት 21 ቀን 1937 ዓ.ም. ገና በማዕረጋቸው ሳሉ ዐረፉ።

ክብር ዘግይቶ ሲመጣ

ከሞቱ በኋላ ክብሩ ተከታትሎ መጣ። በ1942 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ለመንግሥት ሥራ ወደ ዋሽንግተን ለመጡ ጥቁር ሴቶች የተሠራው ትልቅ ማደሪያ በስማቸው ተሰየመ። በዩኒቬርስቲው የጸሎት ቤትም በባለ ቀለም መስተዋት የተሠራ መስኮት መታሰቢያ ቆመላቸው። የከተማው አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ለብዙ ዘመን በስማቸው ሲጠራ ኖሯል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መስኮቱን እርሳቸው አላዩትም፤ የሚገባቸውን ደመወዝም በሕይወት ሳሉ አልተቀበሉም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ሴት ልጁን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት የሰደደ ብዙ አለ። እንግዲህ ልጃችሁን ስትጠይቁ ስለ ፈተናዋ ውጤት ብቻ አትጠይቋት፤ በዚያ ቤት ማን እንደሚሰማትና ማን እንደሚቆምላትም ጠይቋት። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሄዳችሁ እጅ ንሡ፤ ስሙንም ለትምህርት ቤቱ አለቆች ንገሩ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለም እንዲኖር ጠይቁ፤ የወላጅ መብት ነውና። የተመረቃችሁም ልጆች በተማሪነታችሁ ጊዜ በር ከፍቶ የሰማችሁን ሰው አስታውሱ። ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ለሚቀበለው ግን የድካሙ ሁሉ ዋጋ ነው። በሐውልት ላይ የሚጻፈው ስም ለትውልድ ይጠቅማል፤ ለባለ ስሙ የሚጠቅመው ግን በሕይወቱ ሳለ የሚሰማው ምስጋና ነው።